ሆሞሲስቴይንን ከነዘመዶቹ መለካት፦ ከክንድ እስከ ውጤት ወረቀት

ይህን ሥራ ስጀምር አንድ ሳምንት ሙሉ ውህዶችን ለያይቶ ከሚለካው ማሽን፣ ከኤችፒኤልሲው፣ ጋር ተጣላሁ። የጤነኛ ሰዎች ሆሞሲስቴይን (ደም ውስጥ የሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው) ሁሌ ከፍ ብሎ ይወጣብኛል። ኮለመኑን፣ ማለትም ውህዶቹ የሚለያዩበትን ቱቦ፣ ቀየርኩ። በፈሩን፣ ማለትም ፒኤች የሚያስጠብቀውን ፈሳሽ፣ እንደገና ሠራሁ። ስታንዳርዱን፣ ማለትም መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ፣ እንደገና መዘንኩ። ወይ ፍንክች! ጥፋቱ ለካ ሌላ ቦታ ነው። ቱቦዎቹ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይውሉ ነበር። ማሽኑ ምስኪን ያየውን ነው የነገረኝ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ማሽኑ ጋ ለመድረስ አይቸኩልም።

ምን ምንን ነው የምንለካው?

ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ከያዙት ትናንሽ የአሚኖ ውህዶች ውስጥ አራቱ በፕላዝማ ውስጥ ጎልተው ይታያሉ። ሲስቴይን፣ ሲስቴይኒልግላይሲን፣ ሆሞሲስቴይን እና ግሉታታዮን ናቸው። በጋራ አሚኖታዮል ይባላሉ። ሜታዮኒንም ድኝ አለው። ግን ነፃ የድኝና ሃይድሮጅን ጫፍ (ታዮል የሚባለው) ስለሌለው በዚህ ዘዴ አይያዝም።

መጠናቸው በጣም ይለያያል። በጤነኛ ጎልማሳ ሲስቴይን ከ200 እስከ 300 ማይክሮሞል በሊትር አካባቢ ነው። ሲስቴይኒልግላይሲን ከ20 እስከ 40፣ ሆሞሲስቴይን ከ5 እስከ 15 ይሆናል። ግሉታታዮን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ነው። ይህን ልዩነት ያዙት፤ በኋላ ዲቴክተሩን ስታስተካክሉ ይመጣባችኋል።

ሌላው ነገር፣ እነዚህ ውህዶች ደም ውስጥ ብቻቸውን አይዞሩም። ከሆሞሲስቴይን ውስጥ 70 በመቶ ገደማው በድኝ ለድኝ ትስስር አልቡሚን የተባለው የፕላዝማ ፕሮቲን ላይ ተጣብቋል። የቀረው አብዛኛው ከሲስቴይን ጋር ወይም ከራሱ ቢጤ ጋር ተጣምሯል። ነፃ ሆኖ የሚገኘው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ጠቅላላውን ነው። ስለዚህ ሥራው አራት ነገር ነው፦ ትስስሩን መፍታት፣ ፕሮቲኑን ማዝቀጥ፣ ታዮሉ ላይ የሚያበራ ነገር መለጠፍ፣ ከዚያ በኤችፒኤልሲ መለያየት።

ደረጃ 1፦ ደም አወሳሰድ

ሰውየው ጾሞ ቢመጣ ይሻላል። ቁጭ ብሎ ደም ይሰጥ። ከተኛ ሰው የተወሰደ ደም ላይ አልቡሚን ዝቅ ስለሚል ሆሞሲስቴይንም አብሮ ዝቅ ይላል። ክንዱን የምታስሩበት ማሰሪያ ብዙ አይቆይ። ቱቦው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት፣ ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ይሁን። ቀስ ብላችሁ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ገልብጡት። አትናጡት!

ወዲያው በረዶ ውስጥ ክተቱት። "ወዲያው" ስል ቀጣዩን ሰው ከጨረስኩ በኋላ ማለት አይደለም። በረዶው መርፌው ከመግባቱ በፊት አጠገባችሁ ይኑር። በረዶ ብቻውን ሳይሆን በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ዕቃ ቱቦውን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል።

ለምን ይህን ያህል ጥድፊያ? ቀይ የደም ሴል ቱቦ ውስጥም ሥራውን አያቆምም። ሆሞሲስቴይን ያመርታል፣ ወደ ፕላዝማው ይገፋል። በክፍል ሙቀት ከቆየ በየሰዓቱ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ትክክለኛ ልኩ 10 ማይክሮሞል የሆነ ሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ 13 አካባቢ ይደርሳል። ከአምስት ሰዓት በኋላ የ15ን መስመር ይነካል። ሰውየው ታሞ አይደለም፤ ቱቦው ነው የቆየው።

ሴረም፣ ማለትም ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ፣ የማልወደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደሙ እስኪረጋ መጠበቅ የግድ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ለቀይ ሴሉ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ፕላዝማውን መለየት

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊውጅ አድርጉ። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ2000 ጂ፣ ለ10 ደቂቃ። የደቂቃ ዙር ሳይሆን ጂ፣ ማለትም የመሬት ስበት እጥፍ፣ ነው ያልኩት፤ የአንዱ ማሽን ዙር ከሌላው ጋር እኩል ጉልበት የለውም። ፕላዝማውን ስትቀዱ ከሴሎቹ በላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ተዉ። ስስታም አትሁኑ።

አሁን ቀለሙን እዩ። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ቀይ ሴል ፈንድቷል፣ ማለትም ናሙናው ሄሞላይዝ አድርጓል። ለሆሞሲስቴይን ትንሽ ሮዝነት ያን ያህል አያስከፋም። ለግሉታታዮን ግን ጉድ ነው። ቀይ ሴል ውስጥ ያለው ግሉታታዮን 2 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ነው፤ ከፕላዝማው በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። እስቲ አስሉት። ከአንድ ሊትር ፕላዝማ ጋር ሁለት ሚሊሊትር የቀይ ሴል ይዘት ቢቀላቀል ብቻ 4 ማይክሮሞል ይጨምርበታል። ይህ የብዙ ሰው ፕላዝማ በራሱ ከያዘው ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ሮዝ ናሙና ላይ የግሉታታዮን ውጤት አልሰጥም። ሌላ ናሙና ይወሰድ።

ፕላዝማውን በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍላችሁ በ-80 ዲግሪ አስቀምጡ። አንዴ ከሴሉ ከተለየ ጠቅላላ ሆሞሲስቴይን ጠንካራ ነው፤ በ-20 እንኳ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ግሉታታዮን እንደዚያ አይደለም። ፕላዝማ ውስጥ ያለ ኤንዛይም እየቆረጠ ወደ ሲስቴይኒልግላይሲን ይለውጠዋል። አቅልጦ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቅርባችሁ። ከፋፍሎ ማስቀመጥ ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ስታንዳርዶቹ

ነፃ ሆሞሲስቴይን አየር ላይ ይኦክሳይድና ይጣመራል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ የተጣመረውን፣ ሆሞሲስቲንን፣ መግዛት ይመረጣል። አንዱ ሆሞሲስቲን ሲፈታ ሁለት ሆሞሲስቴይን ይሰጣል። 13.4 ሚሊግራም መዝናችሁ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 100 ሚሊሊትር ብትሞሉት፣ ከተፈታ በኋላ 1 ሚሊሞላር ሆሞሲስቴይን ይሆናል። በተራ ውሃ አትሞክሩት፤ በደንብ አይሟሟም። ሌላም ጥቅም አለው። ይህ ስታንዳርድ የመፍታቱን ደረጃ እንደ ናሙናው ያልፋል፤ መፍቻው ከደከመ እዚሁ ይታያል።

ለሌሎቹም በዚያው አሲድ፣ በ100 ሚሊሊትር፦ ሲስቴይን 60.6 ሚሊግራም፣ 5 ሚሊሞላር ይሆናል። ሲስቴይኒልግላይሲን 17.8፣ ግሉታታዮን 30.7፣ ሁለቱም 1 ሚሊሞላር ይሆናሉ። የሲስቴይኑን ጠርሙስ ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የሃይድሮክሎራይድ ጨው ነው፣ ያውም ከውሃ ጋር። የእሱ ሞለኪውላዊ ክብደት 175.6 ነው። እንደ ንጹህ ሲስቴይን 121.2 ብላችሁ ከመዘናችሁ ስታንዳርዳችሁ 31 በመቶ ይጎድላል። ይህን ስህተት ማን ሠራው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ከዚያ ድብልቁን ሥሩ። ከሆሞሲስቴይን 0.8፣ ከሲስቴይን 0.8፣ ከሲስቴይኒልግላይሲን 0.8፣ ከግሉታታዮን 0.4 ሚሊሊትር ወስዳችሁ በፎስፌት ሳላይን (ፎስፌት ባለበት የጨው ውሃ) 10 ሚሊሊትር ሙሉት። ሆሞሲስቴይኑ 80፣ ሲስቴይኑ 400፣ ሲስቴይኒልግላይሲኑ 80፣ ግሉታታዮኑ 40 ማይክሮሞላር ይሆናል። ይህን ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ አቅጥኑት። አራት እርከን አገኛችሁ፤ ምንም ያልተጨመረበትን ዜሮ ስትጨምሩ አምስት።

እርከኖቹን የምትጨምሩት ባዶ ውሃ ላይ ሳይሆን ከብዙ ሰው በተቀላቀለ ፕላዝማ ላይ ነው። ፕሮቲን ባለበትና በሌለበት የሚገኘው መስመር ሁሌ አንድ ላይሆን ይችላል። ፕላዝማው የራሱ ሆሞሲስቴይን አለው፤ ችግር የለውም። የምንፈልገው የመስመሩን ተዳፋት ነው።

ደረጃ 4፦ መፍታት

ናሙናዎቹን በረዶ ላይ አቅልጡ። ከቀለጡ በኋላ በደንብ አዋህዷቸው። የቀለጠ ፕላዝማ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን ሆኖ ይቀመጣል። ከላይ ብቻ ከቀዳችሁ ፕሮቲኑን ትታችሁ ሄዳችኋል፤ ከፕሮቲኑ ጋር ሆሞሲስቴይኑንም። ክር የመሰለ ነገር ካለ ለአጭር ጊዜ አሽከርክራችሁ አስቀምጡት።

በ1.5 ሚሊሊትር ቱቦ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል ጨምሩ። ፕላዝማ 50 ማይክሮሊትር። የውስጥ ስታንዳርድ፣ ማለትም በየቱቦው እኩል የሚገባ ማነጻጸሪያ፣ 25 ማይክሮሊትር፤ እኔ 20 ማይክሮሞላር ሲስታሚን እጠቀማለሁ። ፎስፌት ሳላይን 25 ማይክሮሊትር፤ ለካሊብሬሽን ቱቦዎች (የመለኪያ መስመሩ ለሚሠራባቸው) በዚህ ፋንታ ስታንዳርዱን 25። በመጨረሻም ትስስሩን የሚፈታው ቲሴፕ 10 ማይክሮሊትር፤ 100 ግራም በሊትር የሆነ፣ በዕለቱ የተሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስታንዳርዱ 25 ማይክሮሊትር፣ ፕላዝማው 50 ነው። ስለዚህ 80 ማይክሮሞላር ያላችሁት ስታንዳርድ በፕላዝማ ስሌት 40 ነው። የሆሞሲስቴይን መስመራችሁ 0፣ 5፣ 10፣ 20፣ 40 ይሆናል ማለት ነው። ይህን የረሳ ሰው ውጤቱ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ያስደነግጠዋል።

ቮርቴክስ አድርጋችሁ (በማወዛወዣው አዋህዳችሁ) በክፍል ሙቀት ለ30 ደቂቃ ተዉት። ቲሴፕን የምመርጠው ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ስለማይሸት እና ቀጥሎ የምንለጥፈውን ቀለም ስለማይሻማ ነው። ድሮ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ትራይቡቲልፎስፊን ነበር። አየር ላይ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ሽታውም አይጣል ነው። ቲሴፕ አንድ ጠባይ አለው፦ ገለልተኛ ፎስፌት ውስጥ ብዙ አይቆይም። የትናንቱን አትጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ፕሮቲኑን ማዝቀጥ

90 ማይክሮሊትር ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጨምሩ፤ 100 ግራም በሊትር፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ያለበት። ወዲያው ነጭ ይሆናል። በኃይል ቮርቴክስ አድርጉ፤ ጓል ከተሠራ ውስጡ ፈሳሽ ይቀራል። በ13,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩ። አሲዱ ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር አይውለቁ። ፕላዝማውንም ከማንም ይምጣ ከማን፣ በሽታ እንዳለበት ቆጥራችሁ ያዙት።

ደረጃ 6፦ የሚያበራውን መለጠፍ

ቀለሙ ኤስቢዲ-ኤፍ ይባላል። ደስ የሚለው ነገር ብቻውን ሲሆን አያበራም። ታዮል ሲይዝ ብቻ ነው የሚያበራው። ስለዚህ የተረፈውን ማጠብ የለም።

በአዲስ ቱቦ፦ ከላይ የጠራው ፈሳሽ 50 ማይክሮሊትር። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 1.55 ሞላር፣ 10 ማይክሮሊትር። ቦሬት በፈር 0.125 ሞላር፣ ፒኤች 9.5፣ 4 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ያለበት፣ 125 ማይክሮሊትር። ኤስቢዲ-ኤፍ 1 ግራም በሊትር በቦሬት የተሟሟ፣ 50 ማይክሮሊትር።

የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ቁጥር እንግዳ ይመስላል፤ ዝም ብሎ የመጣ ግን አይደለም። በ50 ማይክሮሊትሩ ውስጥ 13.8 ማይክሮሞል ያህል ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አለ። የምትጨምሩት ሃይድሮክሳይድ 15.5 ማይክሮሞል ነው። የቀረውን በፈሩ ይሸከማል። እዚህ ጋ ፒፔታችሁ ካጭበረበረ ፒኤቹ ይወርዳል። ቀለሙም በደንብ አይለጠፍም። 10 ማይክሮሊትር ትንሽ ነው፤ ጫፉ ላይ ጠብታ አለመቅረቱን እዩ።

ክዳኑን ግጠሙ፣ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት፣ ጨለማ ውስጥ። ከዚያ በረዶ ላይ አቀዝቅዙ። ከዚህ በኋላ ናሙናውን ከብርሃን ጠብቁት፤ ቡናማ ጠርሙስ ወይም ፎይል ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ኤችፒኤልሲ

ሲ18 ኮለመን፣ 150 በ4.6 ሚሊሜትር ይበቃል። ተሸካሚው ፈሳሽ 0.1 ሞላር አሴቴት፣ ፒኤች 5.5፣ 3 በመቶ ሜታኖል ያለበት። ፍጥነቱ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሊትር በደቂቃ። 20 ማይክሮሊትር አስገቡ። የፍሎረሰንስ ዲቴክተሩ በ385 ናኖሜትር ያብራ፣ በ515 ያንብብ።

በፒኤች 2.1 ፎስፌት የሚሠሩም አሉ፤ ፒኮቹ፣ ማለትም ማሽኑ ለየውህዱ የሚስላቸው ጉብታዎች፣ ቀጭን ሆነው ይወጣሉ። ግን ለኮለመኑ ከባድ ነው። የመረጣችሁት የቱም ይሁን፣ የፒኮቹ ተራ ከፒኤች ጋር ይለዋወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱን ስታንዳርድ ለየብቻ አስገቡና ሰዓቱን መዝግቡ። በሌላ ሰው ክሮማቶግራም ላይ አትተማመኑ።

ሲስቴይን ቀድሞ ይወጣል፣ ግዙፍም ነው። ሆሞሲስቴይን በደንብ እንዲታይ ዲቴክተሩን ከፍ ካደረጋችሁት የሲስቴይን ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ማሽኑ ጠፍጣፋውንም ያለ ሐፍረት ቁጥር ይሰጠዋል። ወይ መሃል ላይ የሚበቃ ልክ ፈልጉ፣ ወይ ሲስቴይኑ ካለፈ በኋላ ልኩ እንዲቀየር ፕሮግራም አድርጉ።

ማታ ስትጨርሱ ኮለመኑን መጀመሪያ በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በሜታኖል። ተራው ከተገለበጠ ጨው ኮለመኑ ውስጥ ይጋገራል።

ደረጃ 8፦ ስሌቱ

የእያንዳንዱን ፒክ ስፋት (ከጉብታው ሥር ያለውን ቦታ እንጂ ውፍረቱን አይደለም) በውስጥ ስታንዳርዱ ስፋት አካፍሉ። ለምሳሌ የካሊብሬሽኑ መስመር ተዳፋት 0.048፣ ዜሮው ላይ ያለው ደግሞ 0.45 ሆነ እንበል። የናሙናው ንጽጽር 0.62 ከሆነ፣ 0.62 ለ0.048 ሲካፈል 12.9 ማይክሮሞል በሊትር ነው። 0.45ን አትቀንሱ! እሱ የድብልቁ ፕላዝማ የራሱ ሆሞሲስቴይን ነው፤ 0.45 ለ0.048 ሲካፈል 9.4። ከናሙናው ጋር ምንም አያገናኘውም።

ከመስመሩ በላይ የሄደ ናሙና ሲመጣ ፕላዝማውን በሳላይን አቅጥናችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ። አብሮ በሚወለድ ሕመም፣ በሆሞሲስቲኑሪያ፣ ከ100 በላይ ማየት ያለ ነው።

ማመን ከመጀመራችሁ በፊት

በየዙሩ አንድ ዝቅተኛ፣ አንድ ከፍተኛ የቁጥጥር ፕላዝማ ይግባ፤ መጀመሪያም መጨረሻም። የሆሞሲስቴይን ልዩነት ከዙር ዙር ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የስታንዳርዶችና የቴክኖሎጂ ተቋም ኤስአርኤም 1955 የሚባል ለሆሞሲስቴይንና ለፎሌት የተረጋገጠ ሴረም አዘጋጅቷል፤ እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት።

ሁሉም ፒክ አንድ ላይ ካነሰ ፒኤቹን ወይም የ60 ዲግሪውን መታጠቢያ ጠርጥሩ። የውስጥ ስታንዳርዱና ሆሞሲስቲኑ አንሰው ነፃ ሆኖ የገባው ሲስቴይን ደህና ከሆነ ጥፋቱ የቲሴፑ ነው። አንድ ናሙና ላይ ብቻ የውስጥ ስታንዳርዱ ከፍ ካለ ግለሰቡ ሲስታሚንን የመሰለ መድኃኒት፣ ሲስቲኤሚን፣ ይወስድ ይሆናል። ኤን-አሴቲልሲስቴይንና ፔኒሲላሚን የሚባሉት መድኃኒቶችም ሆሞሲስቴይንን ከአልቡሚን ላይ ያስለቅቃሉ፤ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" የሚለው ጥያቄ ቅጹ ላይ ይኑር።

ማስ ስፔክትሮሜትር ያለው ሰው ቀለሙን መዝለል ይችላል። በዲውተሪየም፣ በከባዱ ሃይድሮጅን፣ የተሠራ ሆሞሲስቲን ይጨምራል፣ ይፈታል፣ ፕሮቲኑን ያዘቅጣል፣ ክብደቱ ከ136 ወደ 90 (የናሙናው) እና ከ140 ወደ 94 (የተጨመረው) ሲሰበር ይከታተላል። ፈጣን ነው። ደረጃ 1 እና 2 ግን ለእሱም ያው ናቸው።

የተጣመረውን ሳይሆን ነፃውን ክፍል ብቻ ለመለካት ከፈለጋችሁ ይህ መመሪያ አይበቃችሁም። ነፃው በደቂቃዎች ውስጥ ይኦክሳይዳል። ደሙ ከክንድ ሲወጣ ነፃውን ታዮል ወዲያው የሚቆልፈው ኤን-ኢታይልማሌይሚድ ወዳለበት ቱቦ በቀጥታ መግባት አለበት፣ ቀጣዩ ሥራም ሌላ ነው።

ውጤቱን ስትጽፉ በጎልማሳ እስከ 15 ማይክሮሞል ያለውን ብዙ ቦታ እንደ ደህና ይወስዱታል። ከ15 እስከ 30 መጠነኛ፣ ከ30 እስከ 100 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ኪልመር ማካሊ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ሆሞሲስቴይንን ከደም ሥር ጉዳት ጋር ካገናኘ ወዲህ ክርክሩ ብዙ ነው። ከፍ ያለ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ የፎሌት ወይም የቢ12 እጥረት ወይም የኩላሊት ድካም ነው። እሱን ሐኪሙ ይለየው። እናንተ ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት ሰዓት ጻፉለት፦ ደሙ የተወሰደበትን እና ፕላዝማው የተለየበትን።